ይቺን ሰዓት ማን ሠራት? የድሮ ሰዓት ታሪክ አፈላለግ

አቃቂ፣ ከእኛ ቤት ሦስተኛው በር ላይ አንዲት እናት ይኖራሉ። ባለቤታቸው ምድር ባቡር ነበር የሚሠሩት፤ ካረፉ ብዙ ጊዜ ሆኗቸዋል። ሳሎኑ ውስጥ፣ ከቡፌው በላይ፣ ረዘም ያለች የእንጨት ሰዓት ተሰቅላለች። መስታወቷ ጥጉ ላይ ተሰንጥቋል። ፔንዱለሟ ግን ዛሬም ይወዛወዛል። አንድ እሑድ ቡና እየጠጣን ጠየቅኋቸው።

«እማማ፣ ይቺን ሰዓት ማን ነው የሠራት?»

«እኔ ምን አውቄ ልጄ። እሱ ነበር የሚሞላት። ስዊስ ናት ይሉ ነበር።»

ስዊስ አልነበረችም። ይህን ለማወቅ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ያወጣሁት ግን የታክሲና የሻይ ብቻ ነው። ዕቃዬም ስልክ፣ የእጅ ባትሪ፣ ትንሽ የእጅ መስታወት፣ ወረቀትና እርሳስ ነበር። መንገዱን ልንገራችሁ። እናንተም ቤት የአያት ሰዓት ካለ ይሠራል።

አንድ ነገር ቀድመን እንግባባ። ፋብሪካዎቹ የውጭ ስለሆኑ የእነሱን ዓመት እ.ኤ.አ. እያልኩ እጽፋለሁ። የእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ። እዚህ ላይ የተምታታበት ሰው የሰዓቱን ታሪክ በስምንት ዓመት ያዛባዋል።

መጀመሪያ፦ እጃችሁን ሰብስቡ

የድሮ ሰዓት እጃችን ሲገባ የሁላችንም አመል ማጽዳት ነው። አታጽዱ። ከዓመታት በፊት ከምናለሽ ተራ አንዲት ሰዓት ገዛሁ። በሯን ከፍቼ ውስጧን በእርጥብ ጨርቅና በሳሙና ፈተግኳት። ጨርቁ ጥቁር ሆኖ ሲወጣ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ነው ከበሩ ጀርባ በእርሳስ የተጻፈ ነገር እንደነበር ያየሁት። የተረፈው «ተጠገነ» የምትል ቃልና ፲፱፻ ብቻ ነው። ከመቶው በኋላ የነበረው፣ ዓመቱን የሚነግረኝ ቁጥር፣ ከጨርቁ ጋር ሄዷል። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ለጊዜው አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ብቻ አራግፉ። ናሱን በሎሚና በአመድ ማሸት የለም። የተለጠፈ ወረቀት ካለም አትላጡት፤ የተቀደደ ቢሆን እንኳ።

ሁለት አደጋዎችንም ልብ በሉ። የተሞላ ሞላ በድንገት ከተለቀቀ ጣት ይሰብራል። ስለዚህ ማሽኑን ራሳችሁ ለመፍታት ካቻቢቴ አታንሡ፤ መፍታት ካስፈለገ ሰዓት ሠሪ ጥሩ። ሌላው፣ በጨለማ የሚያበሩ የድሮ የጠረጴዛ ሰዓቶች ናቸው። እስከ 1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ የሚያበራው ቀለም ብዙ ጊዜ ራዲየም ነበረበት። ብርሃኑ ቢጠፋም ጨረሩ አልጠፋም። መስታወቱን አትክፈቱ፣ ቀለሙን አትፋቁት።

ቀጥሎ፦ ሁሉንም ፎቶ አንሡ

ፊቱን፣ ጎኑን፣ ጀርባውን፣ ታቹን፣ የበሩን ውስጥ፣ ቁልፉን ሳይቀር አንሡ። የስልኩን ፍላሽ አጥፉ፤ ናስ ላይ ያንጸባርቅና ጽሑፉን ይውጠዋል። ባትሪውን ከጎን ዝቅ አድርጋችሁ አብሩት። ብርሃኑ የማሽኑን የናስ ሳህን ታክኮ ሲያልፍ የተጠቀጠቀ ጽሑፍ ጥላ ጥሎ ይወጣል።

በዚህም ካልታየ የልጅነት ብልሃት አለ። ሳንቲም ላይ ወረቀት አድርገን በእርሳስ እናሸው አልነበር? ስስ ወረቀት ማኅተሙ ላይ አድርጉና የእርሳሱን ጫፍ አጋድማችሁ ቀስ ብላችሁ እሹት። ዓይን ያላየውን ፊደል አንዳንዴ ወረቀቱ ያነበዋል።

ፊቱ ላይ ያለውን ስም አትመኑ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ፊቱ ላይ የተጻፈው ስም ብዙ ጊዜ የሻጩ እንጂ የሠሪው አይደለም። በዚያ ዘመን አስመጪ ሰዓት ሲያዝ «ስሜን ጻፉልኝ» ማለት ይችል ነበር። ስሙ የፓሪስ ሱቅ ሆኖ ማሽኑ ጀርመን የተሠራ ሰዓት ብታገኙ አይግረማችሁ። ፊቱ ባዶ ከሆነም ተስፋ አትቁረጡ። የእማማ ሰዓት ፊቷ ላይ ከሮማውያን ቁጥር በቀር ምንም የለም።

ፊቱ ላይ የግዕዝ ቁጥር ካለ ደግሞ በማጉያ መነጽር እዩት። ከቀለሙ ጋር አብሮ የታተመ ነው ወይስ በሌላ ቁጥር ላይ የተደረበ? ከሥሩ የድሮው ቁጥር ጥላ ከታየ ፊቱ እዚህ አገር የተቀየረ ነው። ያ ራሱን የቻለ ታሪክ ነውና መዝግቡት።

ሠሪው ያለው ከኋላ ነው

እውነተኛው የልደት ወረቀት ማሽኑ ነው፤ በተለይ የኋለኛው የናስ ሳህን። ሰዓቱን ከግድግዳ ከማውረዳችሁ በፊት ፔንዱለሙን አውልቁ። ተሰቅሎ ከተጓዘ የሚሰቀልበትን ስስ የብረት ቅጠል ይሰብረዋል። ሰዓቱን ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጣችሁ በኋላ በሩን ክፈቱ፣ መስታወቱን ከማሽኑ ጀርባ አስገቡ፣ ባትሪ አብሩ፣ መስታወቱ ውስጥ የሚታየውን በስልክ አንሡ። ፎቶው ተገልብጦ ይወጣል፤ ስልኩ ላይ መልሱት። ደዋይ ሰዓት ከሆነ የደቂቃ ቆጣሪውን ወደኋላ አታዙሩ፤ አደዋወሉን ሊያበላሽ ይችላል።

እዚህ ሳህን ላይ ብዙ ጊዜ ስም ሳይሆን ምልክት ነው የምታገኙት። ደጋግሞ የሚያጋጥመው የጀርመን ሥራ ስለሆነ ከእሱ እንጀምር።

ስምንት ጫፍ ያለው ኮከብ፣ መሐሉ ላይ የላቲኑ ጄ ካለበት ዩንግሃንስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1861 ጥቁር ደን በሚባለው የጀርመን አካባቢ፣ ሽራምበርግ በምትባል ከተማ ተመሠረተ። በ1903 ከ3000 በላይ ሠራተኞች ነበሩት፤ በዓለም ትልቁ የሰዓት ፋብሪካ ነበር። ሁለት የተጠላለፉ ቀስቶች ካያችሁ የሐምቡርግ አሜሪካ ሰዓት ፋብሪካ ነው። ስሙ ያሳስታል፤ እሱም የሽራምበርግ ነው። ኋላ ላይ ዩንግሃንስ ጠቅልሎታል።

ኤፍ ኤም ኤስ የሚሉ ሦስት ፊደላት የፍሪድሪሽ ማውተ ናቸው፤ የመጨረሻው ኤስ ሽቬኒንገን የምትባለው ከተማ ናት። ኤፍ ኤች ኤስ ከሆነ ግን ፍራንዝ ሄርምለ ነው፤ እሱ እ.ኤ.አ. በ1922 የተጀመረ ስለሆነ «የምኒልክ ዘመን ሰዓት» የሚል ሻጭ ቢያጋጥማችሁ ፈገግ በሉ። ጂ እና ቢ ከመልሕቅና ከዘውድ ጋር ካሉ ጉስታቭ ቤከር ነው። ከተማው ያኔ የጀርመን ነበር፣ ዛሬ ፖላንድ ውስጥ ነው። የቤከር ሰዓቶች ተራ ቁጥር ስላላቸውና ቁጥሩን ከዓመት የሚያገናኝ ሠንጠረዥ ስለተሠራ ዕድሜያቸውን ማግኘት ይቀላል። ለምሳሌ አንድ ሚሊዮን የሞላው በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ነው።

የፈረንሳይ የጠረጴዛ ሰዓት ከሆነ ማሽኑ ብዙ ጊዜ ክብ ነው። ጃፒ ወይም ማርቲ የሚል ስም፣ ዙሪያውን ደግሞ የሜዳልያ ጽሑፍ ይኖረዋል። የጃፓኑ ሴይኮሻ ፋብሪካ በ1892 እ.ኤ.አ. ሥራውን የጀመረው በግድግዳ ሰዓት ነው። በሩሲያ ፊደል የተጻፈ ያንታር ካያችሁ ኦሪዮል ከተማ የተሠራ የሶቪየት ሰዓት ነው። እሱን «አንቲክ» ለማለት ይቸግራል፤ ግን ሃምሳ ዓመት ቤት ውስጥ የደወለ ሰዓት ታሪክ የለውም አይባልም።

ቁጥር ሁሉ ዓመት አይደለም

የምናለሽ ተራዋ ሰዓቴ ሳህን ላይ 42 እና 100 የሚሉ ቁጥሮች አሉ። የሸጠልኝ ልጅ «ጋሼ፣ በ42 የተሠራች ናት፣ መቶ ዓመት ዋስትና አላት» ብሎኝ ነበር። ልጁ ቀልደኛ ነው። 42 የፔንዱለሙ ርዝመት በሴንቲ ሜትር ነው። 100 ደግሞ በደቂቃ የሚመታው ምት ነው። ማረጋገጥ ቀላል ነው። ስልካችሁ ላይ አንድ ደቂቃ ያዙና ቲክ የሚለውንም ታክ የሚለውንም ቁጠሩ። እኔ 99 ደረስኩ፤ አንዷ ያመለጠችኝ ውጭ መኪና ጥሩንባ ሲነፋ ነው። ምቱ ከቁጥሩ ጋር በጣም ከተራራቀ ፔንዱለሙ የሌላ ሰዓት ነው።

ፈረንሳዮቹም ይህን አመል ይጋራሉ። ሳህኑ ላይ ረጅም ተራ ቁጥር፣ ከታች ደግሞ እንደ 5 እና 4 ያሉ ተራርቀው የተጻፉ ትንንሽ ቁጥሮች ይኖራሉ። እነሱ በድሮው የፈረንሳይ ልኬት የፔንዱለሙ ርዝመት ናቸው። ጥሩው ነገር፣ ረጅሙ ተራ ቁጥር ብዙ ጊዜ ፔንዱለሙ ላይም ይጠቀጠቃል። ሁለቱ ከገጠሙ ደስ ይበላችሁ፤ መቶ ዓመት አልተለያዩም ማለት ነው።

ዩንግሃንስ ግን ለእኛ ውለታ ውሏል። በ1900ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በሠራቸው ብዙ ማሽኖች ላይ አንድ ፊደልና ሁለት አኃዝ አለ። ኤ ከሆነ የዓመቱ የመጀመሪያ ግማሽ፣ ቢ ከሆነ ሁለተኛው ግማሽ ነው። አኃዞቹ ዓመቱ ናቸው። የእማማን ሰዓት በመስታወት ሳይ ኮከቡን አገኘሁ። ከኮከቡ ሥር ጥቀርሻ የመሰለ የደረቀ ዘይት ነበር። በጥጥ ጫፍ ነካ ነካ አደረግኩት። ቢ 14 የሚል ወጣ። ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ 1914 እ.ኤ.አ. ማለት ነው።

«ከዚህ በፊት ሊሆን አይችልም» የሚሉ ቃላት

ዓመቱን ቁልጭ አድርጎ የሚናገር ቁጥር ከሌለ፣ ቢያንስ ወሰን የሚያበጁ ቃላት አሉ። በጀርመን ዕቃ ላይ ዲ አር ፒ የሚለው የንጉሣዊው መንግሥት ፓተንት (የፈጠራ መብት) ነው፤ ከ1877 እ.ኤ.አ. ወዲህ። ዲ አር ጂ ኤም የሚለው የአነስተኛ ፈጠራ ምዝገባ ከ1891 ወዲህ ነው። ምዕራብ ጀርመን የሚል በእንግሊዝኛ ከተጻፈ ከ1949 እስከ 1990 መካከል ነው። ሶቪየት ዕቃ ላይ አምስት ማዕዘን የጥራት ምልክት ካለ ከ1967 በኋላ ነው። የሜዳልያ ዓመትም እንዲሁ ነው። 1889 የሚል ሜዳልያ ሰዓቱ በ1889 ተሠራ ማለት አይደለም። ፋብሪካው በዚያ ዓመት ተሸለመ፣ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ሽልማቱን እየጠቀጠቀ ሸጠ ማለት ነው። ይህን የማይለይ ሰው ሰዓቱን ሃያ ዓመት ያስረጀዋል።

ከዲ አር ፒ ጎን ቁጥር ካለ ደግሞ ሀብታም ናችሁ። የፓተንት ሰነዶችን በነፃ የሚያሳዩ የኢንተርኔት መፈለጊያዎች ላይ የጀርመንን መለያ ፊደላት (ዲ ኢ) እና ቁጥሩን ስትጽፉ ዋናው ሰነድ ከነሥዕሉ ሊወጣ ይችላል። ምልክቱን ብቻ ካወቃችሁ ሚክሮሊስክ የሚባለው የሰዓት ንግድ ምልክቶች መዝገብ ጥሩ ነው። ጀርመን ፉርትቫንገን ያለው የሰዓት ሙዚየምም የጥቁር ደን ሰዓቶች ዋና ቤት ነው።

ሣጥኑና ማሽኑ ተጋብተው ይሆን?

አንዱ ሰዓት ሣጥኑ ምስጥ ሲበላው፣ ሌላው ማሽኑ ሲሞት፣ ሰዓት ሠሪ ያጋባቸዋል። ነውር አይደለም፤ ግን መታወቅ አለበት። ማሽኑ የተቀመጠበት እንጨት ላይ ያለ ሥራ የቀሩ የብሎን ቀዳዳዎች ካሉ ጠርጥሩ። ቁልፍ የሚገባበት የፊቱ ቀዳዳ ከማሽኑ ዘንግ ጋር በትክክል ካልገጠመም ጠርጥሩ። ፔንዱለሙ ሲወዛወዝ ሣጥኑን የሚነካ ከሆነማ ነገሩ ያለቀለት ነው።

ከዚያ ወደ አገራችን ግቡ

ብዙዎች ፋብሪካውን ሲያገኙ ፍለጋውን ይዘጋሉ። እኔ ግን የሚጣፍጠው ከዚህ በኋላ ነው እላለሁ። ፋብሪካው በመቶ ሺህ የሚቆጠር እንደዚያ ያለ ሰዓት ሠርቷል። አቃቂ የመጣችው ግን አንዷ ናት።

የጠጋኞችን ጽሑፍ ፈልጉ። ሰዓት ሠሪዎች በእርሳስ ወይም በሹል ብረት ስማቸውንና ቀኑን ይጽፉ ነበር፤ ከበሩ ጀርባ፣ ከፊቱ ጀርባ፣ ከሣጥኑ ታች። የማን ዘመን አቆጣጠር እንደሆነ ግን አጥሩ። በአማርኛ «ጥር ፲፱፻፵፪» ካለ 1942 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጅ 1950 ይሆናል። ያው 1942 በውጭ ዜጋ እጅ፣ በላቲን ፊደል ከተጻፈ ግን የሁለተኛው የዓለም ጦርነት መሐል ነው። በግርድፉ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 7፣ ከጥር እስከ ጳጉሜን 8 ደምሩ። የጣሊያን ዘመን ደረሰኝ ካገኛችሁ ደግሞ ከዓመቱ ጎን በሮማውያን ቁጥር የተጻፈ የፋሺስቶች ዓመት ይኖራል፤ 16ኛው ዓመት ከጥቅምት 1937 እስከ ጥቅምት 1938 እ.ኤ.አ. ነው።

ቀጥሎ አዛውንቶችን ጠይቁ። «በስንት ዓመተ ምሕረት ገዛችሁት?» ብላችሁ አትጀምሩ። መልሱ «እንጃ» ነው። ከሚያስታውሱት ነገር ጋር አያይዙት። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው? ከታኅሣሥ ግርግር በፊት ነው? አብዮቱ ሲፈነዳ ሰዓቱ ነበረ? እማማ ዓመቱን አያውቁትም። «ታላቋ ልጄ ዳዴ ስትል ነው ያመጣት» አሉኝ። «ፔንዱለሟን ለመያዝ እየተንጠራራች ታስቸግረን ነበር።» ልጅቱ ግርግሩ በሆነ በዓመቱ ነው የተወለደችው። ግርግሩ በ1953 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ሰዓቷ ቤቱ የገባችው 1955 ገደማ ነው። ከማን ተገዛች? «ከአንድ ግሪክ። አገሩ ሊገባ ጓዙን ሲሸጥ።»

አሁን ሁለቱን ጫፍ አገናኙ። ሰዓቷ የተሠራችው በ1914 እ.ኤ.አ. ሁለተኛ ግማሽ ነው። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የተጀመረው ያኔ ነው። እንግሊዝ የጀርመንን የባሕር ንግድ ዘጋች። ጅቡቲ ያኔ የፈረንሳይ ነበረች፤ የባቡር ኩባንያውም የፈረንሳዮች ነበር። ባቡሩ አቃቂ የደረሰው በ1915 እ.ኤ.አ. ነው፤ አዲስ አበባ በ1917 እ.ኤ.አ.። ስለዚህ ከፋብሪካ ወጥታ በቀጥታ በባቡር መጣች ማለት አይመስለኝም። ከጦርነቱ በኋላ፣ ምናልባት በግሪኩ ጓዝ ውስጥ፣ መጥታለች ብዬ ነው የምገምተው። ግምት መሆኑን ግን ሁልጊዜ ጻፉ። ግምት በሦስተኛው ሰው አፍ «የተረጋገጠ» ይሆናልና።

የነጋዴውን ስም ካገኛችሁ

ወመዘክር፣ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት፣ ሂዱ። የቆዩ ጋዜጦች እዚያ አሉ። ከ1917 ዓ.ም. ጀምሮ የወጣው ብርሃንና ሰላም፣ ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የወጣው አዲስ ዘመን ለእንዲህ ያለ ፍለጋ ይጠቅማሉ። ፈረንሳይኛ የምታነቡ ደግሞ ከ1913 እስከ 1936 እ.ኤ.አ. የታተመውን ኩሪዬ ዴትዮፒን ጠይቁ። ዜናውን እለፉት፤ ማስታወቂያውን እዩ። የሱቅ ስምና ሰፈር የሚገኘው እዚያ ነው። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም የድሮ ፎቶግራፎች አሉት። መታወቂያና፣ ከተቻለ፣ የትብብር ደብዳቤ ይዛችሁ ሂዱ። ቦርሳ በር ላይ ይቀራል፤ እርሳስ ይዛችሁ ግቡ፣ እስክርብቶ ላይፈቀድ ይችላል።

የፒያሳ የድሮ ሱቆች ብዙዎቹ በ2016 ዓ.ም. ፈርሰዋል። ስለዚህ ሰዓት ሠሪ ስትፈልጉ አድራሻ ሳይሆን ሰው ጠይቁ። አንዱ ሰዓት ሠሪ የሌላውን አዲስ ቦታ ያውቃል። በዕድሜ የገፉት ደግሞ የጌቶቻቸውን እጅ ጽሑፍ ይለያሉ። ለምክራቸው ቢያንስ ሻይ ጋብዙ።

ስለ ዋጋ የሚጠይቅ አይጠፋም። እማማም ጠየቁኝ። እውነቱን ነገርኳቸው፤ ሰዓቷ ጥሩ ናት፣ ግን ጀርመኖች ብዙ ስለሠሩ ብዙም አታወጣም። እፎይ አሉ። «እሰይ፤ እንግዲያ ልጆቹ አይሸጧትም።»

መጨረሻ ላይ፦ ወረቀቱ

ያገኛችሁትን በአንድ ገጽ ጻፉ። ሠሪውን፣ ምልክቱ የት ቦታ እንደሚገኝ፣ ዓመቱን በሁለቱም አቆጣጠር፣ ማን ከማን እንደገዛ፣ ማን ምን እንደነገራችሁ። የተረጋገጠውንና ግምቱን ለዩ። በእርሳስ ቢሆን ይሻላል፤ ቀለም በእርጥበት ይፈሳል። አትለጥፉት፤ ፖስታ ውስጥ አድርጋችሁ ሣጥኑ ታች፣ ፔንዱለሙ የማይነካው ቦታ አስቀምጡት።

የእማማን ወረቀት እሳቸው ፊት አነበብኩላቸው። ሽራምበርግ የሚለውን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ ትንሽ ዝም አሉና፣ «ቅዳሜ ቅዳሜ ነበር የሚሞላት፤ ከሥራ ሲገባ፣ ኮቱን ሳያወልቅ» አሉ። «እሱንም ጻፍ።»

ጻፍኩ።